የአባታችን ደረት መግል ቋጥሯል፤ ሐኪም ቱቦ ይግባ ይላል፣ ዘመድ አይሆንም ይላል

የለገጣፎ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ለገጣፎ ለገዳዲ ነው። አባታችን 57 ዓመታቸው ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ድንጋይ ጠርበው ነው ያሳደጉን። ከወር በፊት ሳል፣ ትኩሳትና ቀኝ ጎናቸውን የሚወጋ ሕመም ጀመራቸው። «ብርድ ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣቸው፤ ቀጥሎም ከሰፈራችን ክሊኒክ መርፌና ክኒን ወሰዱ። ትኩሳቱ ቀነስ ብሎ ተመልሶ መጣ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ከአልጋቸው ተነሥተው እስከ በር ሲሄዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ዛሬ ራጅ ሲነሡ የቀኝ ደረታቸው ግማሽ ነጭ ሆኖ ታየ። ሐኪሙ በመርፌ ሲስቡት የወጣው ወፍራም መግል ነው። ወዲያው ይተኙ፣ በጎናቸው ቱቦ ይግባላቸው አሉን።

አጎታችን ግን «ደረት አንዴ ከተበሳ ነፋስ ይገባዋል፤ ነፋስ የገባው ሳንባ አይመለስም» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። እናታችን ጠበል ይቅደም ትላለች። አባታችን ራሳቸው ዝም ብለዋል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይህ ዝምታቸው ነው። አልጋ ስለያዝን ለዛሬ ሌሊት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተጀምሮላቸዋል፤ ለቱቦው ፈርሙ የተባልነው ግን እስከ ነገ ጠዋት ነው። መድኃኒቱ ብቻውን መግሉን አያደርቀውም ወይ? ቱቦው በትክክል ምን ያደርጋል? በጣታቸው ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 90 ይላል፤ ይህስ ምን ያህል ያስፈራል?

ነርስ ከሰበታ | ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማራቸው። በቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ስለ ቱቦው የማውቀውን ልንገርሽ።

ሳንባን ሁለት ስስ ሽፋኖች ይከብቡታል። አንዱ በሳንባው ላይ፣ ሌላው በደረት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። የአባትሽ መግል የተጠራቀመው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ነው፤ ስለዚህ ቱቦው የሚገባው እዚያ ክፍተት ውስጥ እንጂ ሳንባው ውስጥ አይደለም። ታማሚው ክንዱን ወደ ራሱ ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ ከብብቱ በታች በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ቦታ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ቆዳው በጥቂቱ ይከፈትና ቱቦው ይገባል። መንገዱ የሚመረጠው በአጥንቱ የላይኛ ጠርዝ በኩል ነው፤ የደም ሥሮቹና ነርቩ ከእያንዳንዱ የጎድን አጥንት ሥር ተጠግተው ስለሚያልፉ። አባትሽ ነቅተው እያወሩ ነው የሚሠራላቸው። ቱቦው ሽፋኑን ሲያልፍ ኃይለኛ ግፊት ይሰማቸዋል፤ አያምም ብዬ አላታልልሽም። ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፤ ካልተሰጣቸው ጠይቁ።

የቱቦው ሌላ ጫፍ ወለል ላይ በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከውሃ በታች ይጠልቃል። አጎትሽ ለፈሩት ነፋስ መልሱ ያ ውሃ ነው። መግልም አየርም በውሃው በኩል ይወጣል፤ የውጭ አየር ግን ውሃውን አልፎ ወደ ደረት መመለስ አይችልም። ሲተነፍሱ ውሃው በቱቦው ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ያ ቱቦው ክፍት መሆኑን ያሳያል።

የአቃቂው አዛውንት | ከምሽቱ 2፡35

ልጄ፣ አጎትሽን ችላ አትበያቸው። እኔ በዕድሜዬ ደረቱ ተበስቶ የከረመ ሰው ብዙ አላየሁም። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ደረቱ ውሃ ቋጥሮ በቱቦ ተቀዳለት፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው። ሳንባ የትንፋሽ ቤት ነው፤ አንዱ ከተበላሸ ሰው በሌላው ብቻ እንዴት ይኖራል? መድኃኒቱን ጨርሰው ይዩት። ለቱቦ ሁልጊዜም ይደረስበታል።

የደረት ሐኪም | ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ ያነሡት ፍርሃት እውነተኛ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስልዎት።

መግል የቋጠረ ደረትን ከፍቶ ማፍሰስ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ነገር ግን ደረት በጊዜውና በአግባቡ ካልተከፈተ ይገድላል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የጦር ካምፖች የሳንባ ምችና የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ወረርሽኝ ብዙ ወታደሮችን መግል አስቋጠራቸው። ሐኪሞቹ የጎድን አጥንት ቆርጠው ደረቱን ወዲያው ክፍት ያደርጉት ነበር። ከመቶው 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በአንዳንድ ካምፖች ከዚያም ይበልጣል። ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ ሐኪም የነበረበት ኮሚሽን ምክንያቱን አጠና፤ ገዳዩ እርስዎና የልጅቱ አጎት የምትሉት ነፋስ ሆኖ ተገኘ። የሳንባ ምች ሕመሙ ገና ሳይበርድ፣ ሽፋኖቹም ሳይጣበቁ ደረት ክፍት ሲሆን አየር ይገባል፣ ሳንባው ይጨማደዳል። መፍትሔው መግሉን በዝግ መንገድ፣ አየር በማያስገባ ቱቦ ማውጣት ሆነ። ሞቱም ከመቶ 5 በታች ወረደ። ዛሬ ነርሷ የገለጸችው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

በአንድ ሳንባ ስለ መኖር ላነሡትም መልሱ ያው ግራሃም ዘንድ አለ። በ1933 የግራ ሳንባው በካንሰር የተያዘበትን ጄምስ ጊልሞር የተባለ ሐኪም፣ ሳንባውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ አዳነው። ጊልሞር በቀኝ ሳንባው ብቻ 30 ዓመት ኖሯል። ብዙ ሲጋራ ያጨስ የነበረው ግራሃም ግን በ1957 እርሱ ራሱ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ታካሚው ቀባሪው ሆነ ማለት ነው። ለዚህች ልጅ አባት ደግሞ ሳንባ ይውጣ ያለ የለም።

«ለቱቦ ሁልጊዜም ይደረስበታል» ያሉት ላይ ግን አልስማማም፤ ለዚህች ቤተሰብ በጣም አደገኛው ምክር ይህ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ደም ወደሚደርስበት ነው የሚሄደው። በተዘጋ ክፍተት ውስጥ የተከማቸ መግል የደም ሥር የለውም፤ መድኃኒቱ በበቂ መጠን አይደርሰውም። በመጀመሪያ ቀናት ፈሳሹ ቀጭን ነው። ቀጥሎ በውስጡ ክር መሰል ነገር ይዘረጋና መግሉን በየጓዳው ይከፋፍለዋል፤ ያኔ አንድ ቱቦ ሁሉንም ጓዳ አያዳርስም። ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ በሳንባው ላይ ወፍራም ቅርፊት ይጋገርበትና ሳንባው መግሉ ቢወጣ እንኳ መዘርጋት ያቅተዋል። ዛሬ በቱቦ የሚያልቅ ሥራ ነገ ሙሉ ቀዶ ጥገና የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ኦክስጅኑ፦ በባሕር ወለል ላይ ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ያሳያል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ላይ ግን ጤነኛውም 92 ወይም 93 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ 90 ማለት እዚህ አገር ሌላ ቦታ እንደሚመስለው አይደለም፤ ቢሆንም መውረዱን ወይም መውጣቱን ደጋግማችሁ ተከታተሉ። ጣታቸው ቀዝቅዞ ከሆነ አሙቃችሁ ለኩ።

ከቡራዩ | ከምሽቱ 3፡30

ሐኪሙ ቅርፊት ያሉትን ነገር እኔ በወንድሜ ላይ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወንድሜ የሳንባ ምች ይዞት መግል ቋጠረ። ቱቦ ሲባል ፈርቶ ከሆስፒታል ወጣ፤ በየጊዜው በመርፌ እያስቀዳ፣ ክኒን እየቀያየረ ከረመ። ሲመለስ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ቀኝ ሳንባው ተጠቅልሎ ሲሶ አክሎ ነበር። የቀኝ ደረቱ እንኳ ከግራው ጠቦ፣ ትከሻው ወደዚያ አዘንብሎ በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። አገራችን ውስጥ የደረት ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጴጥሮስ የሚሰለፈው ሰው ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነው።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ሰዓት ፈጀ። በሙሉ ሰመመን፣ በጎኑ በኩል ከጀርባው እስከ ብብቱ ሥር ተከፍቶ፣ የጎድን አጥንቶቹ ተለቀው ሐኪሙ ቅርፊቱን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሳንባው ላይ ልጦ አነሣው። ደም ያስፈልጋል ተብሎ ከዘመድ ሰው አሰልፈን ነበር። ከሰመመን ሲነቃ ሁለት ቱቦ ነበረው። ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቁስሉ ስለሚያምመው በጥልቀት መተንፈስና መሳል ይፈራል፤ ካልሳለ ደግሞ አክታው ተጠራቅሞ ሌላ ምች ያመጣል። ትራስ በቁስሉ ላይ አስደግፈን፣ እጃችንን ጭነን «አሁን ሳል» እያልን ነው ያሳለፍነው። ዛሬ ደህና ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ሽቅብ ሲወጣ ግን ከእኔ ቀድሞ ይደክመዋል።

እህቴ፣ ጠዋት ፈርሙ።

ፀሐይ ከሱሉልታ | ከምሽቱ 4፡00

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ማንንም ለማሳሳት አይደለም። እህቴ እንዲሁ ደረቷ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረች፤ ቱቦ የሚባል ነገር ሳይነካት በክኒን ብቻ ደረቀላት። ታዲያ ለምን ለሁሉም ቱቦ ይባላል?

የደረት ሐኪም | ከምሽቱ 4፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ሕክምናዎች የማይጋጩትም ፈሳሹ ስለሚለያይ ነው። የእህትሽ ጠራ ያለ፣ ቢጫማ ፈሳሽ ነው የነበረው፤ በቲቢ ምክንያት የሚመጣ እንዲህ ያለ ውሃ ለምርመራ ከተቀዳ በኋላ ብዙውን ጊዜ በቲቢ መድኃኒት ብቻ ይጠፋል። የልብ ድካም የሚያመጣው ውሃም በሽንት መድኃኒት ይቀንሳል። በመርፌ የወጣው መግል ከሆነ ግን መንስኤው ቲቢም ይሁን ሌላ ተህዋስ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሁላችሁም ሐኪማችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት «የወጣው ምን ዓይነት ፈሳሽ ነው?» ብላችሁ ነው። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ መሄዱንም አረጋግጡ። የለገጣፎዋ እህታችን፣ የአባትሽ መግል ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ለቲቢም እንዲታይ ጠይቂ። ድንጋይ ጠራቢ መሆናቸውንም ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳታልፊ።

ዲያቆን ነኝ | ከምሽቱ 4፡40

ስለ እናታችሁ አንድ ቃል። ጠበሉን አትከልክሏቸው፤ ከሆስፒታሉ ጋርም አታጣሏቸው። አባቶች መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ ጠበሉ ወደ አልጋቸው ሊመጣ ይችላል፤ ቱቦው ግን ወደ ጠበሉ ቦታ አይሄድም። ጾም ከሆነም ታማሚ እንዲበላ ይፈቀዳል፤ የንስሐ አባታቸውን ጠርታችሁ ይህን በአንደበታቸው ይንገሯቸው። እናንተ ከምትከራከሩ እርሳቸው ቢናገሩ እናታችሁ በሰላም ትቀበላለች።

የለገጣፎ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን የጻፋችሁትን ለአባታችን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ውሃው ጠርሙስ ሲሰሙ «እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም» አሉና ራሳቸው ፈረሙ። አጎታችን ተቃውሟቸውን አላነሡም፤ ግን ሲገባላቸው ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር፤ አልሄዱም።

ቱቦው ገብቷል። ከአንድ ሊትር በላይ መግል ወረደ። አሁን የሚያሳስበኝ ነርሷ መሐል ላይ ቱቦውን ዘግታ ቆይታ መልሳ መክፈቷ ነው። ለምን? ደግሞ ነገ ለሲቲ ስካን በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ጠርሙሱን ምን እናድርገው?

ነርስ ከሰበታ | ከቀኑ 11፡05

ደስ ብሎኛል። መዝጋቷ ትክክል ነው። ተጨማድዶ የቆየ ሳንባ ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲወርድለት ድንገት ይዘረጋና ራሱ ውሃ ሊያቁር ይችላል። ስለዚህ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ሲደርስ፣ ወይም ታማሚው በኃይል መሳል ሲጀምር ቆም ይደረጋል። ይህን የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው፤ እናንተ አትዝጉት፣ አትክፈቱትም።

ለጉዞው፦ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከደረታቸው በታች ይሁን፤ አልጋው ላይ ከጎናቸው አይቀመጥ። ወደ ላይ ካነሣችሁት በውስጡ ያለው ወደ ደረታቸው ይመለሳል። «ለመንገድ እንቆልፈው» የሚል ሰው ቢመጣ የሐኪሙን ትእዛዝ ጠይቁ፤ በተለይ ውሃው ውስጥ አረፋ የሚታይ ከሆነ መቆለፉ አየሩን ደረታቸው ውስጥ አፍኖ ያስቀራል። ጠርሙሱ ቢሰበር የቱቦውን ጫፍ በማንኛውም ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ጥሩን። ቱቦው ከሰውነታቸው ከወጣ ቀዳዳውን በጋዝ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጩኹ። በትክክል ነው የምልሽ፣ ጩኹ። ማፈር አያስፈልግም።

በተረፈ አታስተኟቸው። ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ጠርሙሳቸውን ዝቅ አድርገው ይዘው ይራመዱ። በሰዓት ውስጥ ደጋግመው በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ይያዙ፣ ይልቀቁ። ከመግሉ ጋር ብዙ ፕሮቲን ስለሚወጣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ አታጉድሉባቸው።

ጠራቢው ከገላን | ከምሽቱ 1፡15

እኔም ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ስለ ሥራችን የተነገረውን አይቼ ነው የገባሁት። የድንጋዩ ብናኝ ከቲቢ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኛ ዘንድ ብዙ የሚስል ሰው አለ፤ ሁሉም «አቧራ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የደረት ሐኪም | ከምሽቱ 1፡50

በድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ። ሲፈለጥና ሲቆረጥ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ይነሣል፤ ዓይን የሚያየው ትልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የማይታየው ግን እስከ ሳንባው ጫፍ ይወርዳል። እዚያ የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት ሊውጡት ይሞክራሉ፣ እነሱ ራሳቸው ይሞታሉ፣ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። እነዚያው ሕዋሳት ናቸው ቲቢን የሚከላከሉልን፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመት ብናኙን የተነፈሰ ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ቲቢው ግን ይድናል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ድንጋዩን እያረጠባችሁ ቁረጡ፤ በማሽን ስትቆርጡ ውሃ ይፍሰስበት። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። አፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ ይህን ብናኝ አይመልስም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚስል ሰው ካለ «አቧራ ነው» ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ ነፃ ነው።

የለገጣፎ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡30

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በሲቲ ስካኑ ላይ ሳንባቸው አብዛኛው ተዘርግቷል፤ ከታች ጥቂት የቀረ ክፍል አለ። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ «ቅርፊቱ ስስ ነው፤ አሁን አልከፍትም፤ ቱቦው እንዲቆይና መተንፈሱን እንዲገፉበት፣ ከዚያ በራጅ እንዲታይ» ብለዋል። ትኩሳት የለባቸውም። ትናንት ጠርሙሳቸውን አንጠልጥለው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደው ተመለሱ፤ አጎታችን ከጎናቸው ሆነው ቱቦው እንዳይጠመዘዝ ሲጠብቁ ነበር።

የጂን ኤክስፐርቱ ውጤትም መጣ፤ ቲቢ ነው። መድኃኒት ዛሬ ጀምረዋል። ቤታችን ውስጥ የወንድሜ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ፤ አንዱ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሌላዋ ገና ዓመት አልሞላትም። አባታችን ደግሞ ሁልጊዜ አቅፈዋቸው ነው የሚውሉት። ምን ላድርግ?

ነርስ ከሰበታ | ከረፋዱ 5፡00

በመጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ፦ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ የተጣመረበት ክኒን፣ ቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ሽንታቸው ብርቱካንማ ይሆናል፤ አትደንግጡ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ማየት ከቸገራቸው ወይም ምግብ ፈጽሞ ከዘጋቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ሲሻላቸው እንዳያቋርጡ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ ጉልበቱ ሲመለስለት ነው።

በሽፋኑ ላይ ያለ ቲቢ ብቻውን እምብዛም አይተላለፍም፤ ነገር ግን አባትሽ ሲስሉ ስለከረሙ አክታቸውም ይመርመር። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ተመርመሩ። ልጆቹ ከአምስት ዓመት በታች ስለሆኑ እነሱ ይቅደሙ። ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የተወጉት ክትባት ከባዱን የሕፃናት ቲቢ ይከላከላል እንጂ ከመያዝ ሙሉ በሙሉ አያድንም። ልጆቹ ሕመም ከሌለባቸው መከላከያ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል፤ እሱም በነፃ ነው።

የለገጣፎ ልጅ | ከረፋዱ 5፡10

ሰኞ ጠዋት ከእናታቸው ጋር ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ። ባዶ ሆዳቸውን መሆን አለባቸው?

ነርስ ከሰበታ | ከረፋዱ 5፡15

የለባቸውም፤ ቁርሳቸውን አብሏቸው። የክትባት ካርዳቸውንና የአባትሽን የምርመራ ውጤት ወረቀት ግን ይዘሽ ሂጂ። የልጆቹን ክብደት ስለሚለኩ ጃኬታቸውን አውልቀሽ አስመዝኛቸው፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሎ ነው።